የተቃጠለ ቤት ፎቶ ሲነሳ ከምን ይጀመራል?

ወንድሜ፣ የእሳት አደጋ መርማሪዎች ጋር ፎቶ አንሺ ሆነህ መመደብህን ነግረኸን «ምን ዓይነት ካሜራ ልያዝ? ከምንስ ልጀምር?» ብለሃል። በዚሁ ሥራ ዓመታት ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልህ።

የካሜራው ነገር ብዙ አያስጨንቅህ። ብርሃኑን ራስህ የምታስተካክልበት ካሜራ፣ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ የሚነቀል ፍላሽና ማስመሪያ ይበቁሃል። ፎቶን ከንቱ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የት እንደተነሳ አለመታወቁ ነው። የተቃጠለ ሽቦ በቅርበት አንስተህ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ካላሳየህ ማንም አይሠራበትም። መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ፣ ቀጥሎ ዕቃውን ከነአካባቢው፣ ከዚያ ዕቃውን ብቻ አንሳ። የቅርቡን ደግሞ አንዴ ያለማስመሪያ፣ አንዴ ከማስመሪያ ጋር። ያለማስመሪያው ከሌለ «ከማስመሪያው ሥር ምን ነበር?» የሚል ጠበቃ አይጠፋም።

ቤቱን ከውጭ በአራቱም በኩል አንሳና ብዙም ካልተቃጠለው ክፍል ጀምረህ ክፉኛ ወደተጎዳው ግባ። የእሳቱ አካሄድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ፍርስራሹን ሳይነካ ፎቶ አንሳው፣ ሲጠረግም በየደረጃው ፎቶ አንሳ። አካፋ አንዴ ከገባ አለቀ።

በሩን አደራ! ብዙዎች አልፈውት ይሄዳሉ። እሳቱ ሲነድ ተዘግቶ ከነበረ የበሩ ጠርዝና የማጠፊያው የውስጥ ገጽ ጥላሸት ሳይነካው ይቀራል። ክፍት ከነበረ ግን እሱም ይጠቁራል። ያቺን ንጹሕ መስመር ጠጋ ብለህ አንሳት፤ በሩ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ የሚለው ክርክር በእሷ ሊፈታ ይችላል።

ዋናው ፈተና ብርሃን ነው። ጥላሸት ብርሃን ይውጣል፣ የፍላሽህ ጉልበት ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ካሜራውም ይሳሳታል፦ ግድግዳው ሁሉ ጥቁር ከሆነ ብርሃን አብዝቶ ከሰሉን ግራጫ ያደርገዋል፤ ፎቶው ውስጥ መስኮት ከገባ ደግሞ ሁሉንም ያጨልመዋል። ስለዚህ ያንኑ ቦታ ብርሃን ጨምረህም ቀንሰህም ደጋግመህ አንሳ።

የጫማ አሻራ ካገኘህ ፍላሹን ከካሜራው ንቀለውና ወደ መሬት ዝቅ አድርገህ ከጎን አብራ። ከፊት ለፊት ያበራኸው እንደሆነ የሶሉ ቅርጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠፋል። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሆኖ አሻራውን ቀጥ ብሎ ከላይ ይየው፤ ካጋደለ ልኬቱ ይዛባል። ማስመሪያውም ከአሻራው ጋር እኩል ጥልቀት ላይ ይሁን። ብርሃኑን ከሦስት አቅጣጫ እየቀያየርክ አንሳ።

የካሜራውን ሰዓት ከመሄድህ በፊት አስተካክል። የደበዘዘ ፎቶም ቢሆን አታጥፋ፤ ከፎቶዎቹ ተከታታይ ቁጥር አንዱ ከጎደለ ጥያቄ ያስነሳል። ማስተካከል ካስፈለገህ ቅጂው ላይ ሥራ፣ ዋናውን ፋይል አትንካው።