ካቶሊክ አማት፣ ጴንጤ አማች

እኔ ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው። ባለቤቴ ካቶሊክ ናት። ከሀገር ከወጣሁ 26 ዓመት ሆኖኛል፤ 21ዱን የኖርኩት በሁለቱ መሃል ነው። አንድ እሁድ ቅዳሴ፣ አንድ እሁድ አምልኮ። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ግን ሁለቱ የት እንደሚገጥሙና የት እንደሚላተሙ ሳሎኔ ውስጥ አይቻለሁ።

ውጭ የምንኖር ሰዎች ይህን ጉዳይ ቀደም ብለን ብናውቀው ጥሩ ነው። የልጃችሁ ትምህርት ቤት የካቶሊክ ሊሆን ይችላል። የሥራ ባልደረባችሁ ለልጄ የክርስትና አባት ሁንልኝ ሊላችሁ ይችላል። ልጃችሁ አንድ ቀን «እጮኛዬ» ብላ የምታመጣው ሰው ከሌላኛው ወገን ሊሆን ይችላል። ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው መጠያየቅ ከጀመራችሁ ያልቅላችኋል። ጨዋታው ከእምነት ወደ ጠብ ይዞራል።

የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። በመጣሁበት ዓመት አንድ የሥራ ጓደኛዬ ቅዳሴ ጋበዘኝ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲሰለፍ እኔም ተሰለፍኩ። እኛ ዘንድ የጌታ እራት ሲቀርብ «በጌታ ያመናችሁ ሁሉ ውሰዱ» ነው የሚባለው። አምኛለሁ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው? ጓደኛዬ ኮቴን ከኋላ ጎተተና «አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምር» አለኝ። አጣመርኩ። ቄሱ ባረኩኝ፤ አለፍኩ። በጣም ነው የከፋኝ። ክርስቲያን አይደለህም የተባልኩ መሰለኝ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ለካቶሊክ ያ ኅብስት ከተባረከ በኋላ ኅብስት አይደለም። መልኩና ጣዕሙ ሳይለወጥ ራሱ የክርስቶስ ሥጋ ሆኗል ብሎ ያምናል። ክርስቶስ ሥጋዬን ብሉ ያለበትን ዮሐንስ ምዕራፍ 6ን የሚያነበው ቃል በቃል ነው። መቁረብ ደግሞ «ይህች ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን አምናለሁ፣ ከእርሷ ጋር አንድ ነኝ» ብሎ በሰው ፊት መመስከር ነው። እኔ ያንን አልልም ነበር። ታዲያ ሳላምንበት እንዳልመሰክር ነው የከለከሉኝ። ለብዙ ወንጌላውያን ግን የጌታ እራት መታሰቢያ ነው። ብዙ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሉተራኖች ክርስቶስ በእርግጥ እዚያ አለ ይላሉ። ማርቲን ሉተር ራሱ በ1529 ጀርመን ውስጥ ማርቡርግ ላይ ከስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ከዝዊንግሊ ጋር የተለያየው በዚሁ ነገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ቅዳሴ ስትጋበዙ ሂዱ። ሲቆሙ ቁሙ፣ ሲጸልዩ ጸልዩ። ለቁርባን ሲሰለፉ ግን ቦታችሁ ተቀመጡ። በብዙ ቦታ እጅ አጣምሮ በረከት መቀበልም ይቻላል። ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የካቶሊክ ሕግ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ እንዲቆርብ ይፈቅዳል። የማትፈቅደው የራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ናት። «እነሱ ፈቀዱልኝ» ብላችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር እንዳትጣሉ።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሰው ማርያምና ቅዱሳን ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን እሱ ቅርንጫፉ ነው እላለሁ። ግንዱ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥቅስ ትርጉም ካልተስማሙ ማን ይዳኛቸዋል?

ካቶሊክ «ቤተ ክርስቲያን» ይላል። መጽሐፉን ሰብስባ የሰጠችን እርሷ ናት፤ ስለዚህ ከትውፊት ጋር አድርጋ የምትተረጉመውም እርሷ ናት። ጳጳሳቱ የሐዋርያት ተተኪዎች ናቸው፤ የጴጥሮስ ወንበር ላይ ደግሞ ፖፑ አለ። እኛ ጴንጤዎች «ፖፑ አይሳሳትም ይላሉ» ብለን እንስቃለን። ትምህርቱን ግን አናውቀውም። ኃጢአት አይሠራም ማለት አይደለም፤ እርሱም እንደማንኛውም ሰው ቄስ ፊት ይናዘዛል። በ1870 የታወጀው፣ ለመላው ቤተ ክርስቲያን የእምነት ወይም የምግባር ትምህርት በይፋ ሲደነግግ አይሳሳትም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ በግልጽ የተደነገገው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱም በ1950 የማርያም ወደ ሰማይ ማረግ ነው።

ወንጌላዊው «መጽሐፉ ራሱ» ይላል። ፓስተርም ይሳሳታል፣ ጉባኤም ይሳሳታል፤ የመጨረሻው ዳኛ ቃሉ ነው። ይህን እወደዋለሁ። ፊደል ዘግይተው የቆጠሩ እናት መጽሐፋቸውን ይዘው ተነስተው «ፓስተር፣ ይህ እዚህ አይልም» ሲሉ አይቻለሁ። ችግሩ ሁለቱም መጽሐፉን ይዘው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይከፍታል። ውጭ የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በካቶሊክ በኩል ደግሞ መሪው ሲያጠፋ ማረሚያው ዕድሜ ይፈጃል። ሁለቱም የራሱን ዋጋ ይከፍላል።

መጽሐፉ ራሱም እኩል አይደለም። የወንጌላውያኑ 66 ነው፤ የካቶሊኩ 73። ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክና ሁለቱ መቃብያን ናቸው ልዩነቱ። በ81 ያደገ ኦርቶዶክስ «መቃብያን እኛም አለን» ሊል ይችላል። ስሙ ነው አንድ የሆነው እንጂ መጽሐፉ ሌላ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አማቴ። አንድ ጊዜ ወንድሜ ሊጠይቀን መጣ። ቡና እየጠጣን ድንገት ዞር ብሎ «እማማ፣ ድነዋል?» አላቸው። አማቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ኧረ ልጄ፣ እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እኔ ተስፋ አደርጋለሁ» አሉ። ወንድሜ ደነገጠ። ሲሄድ በር ላይ «እኚህ ሴትዮ ጌታን አያውቁም» አለኝ። ማታ ደግሞ አማቴ ባለቤቴን «ያ ልጅ ምን ያህል ቢኮራ ነው መዳኑን በአፉ የሚናገረው?» አሏት።

ሁለቱም ተሳስተዋል። አንድ ቃል ነው ያጣላቸው። ወንጌላዊ «ድኛለሁ» ሲል፣ ንስሐ ገብቶ ክርስቶስን ያመነበትን ቀን ማለቱ ነው። ያን ቀን እግዚአብሔር ጻድቅ ብሎ ተቀብሎታል። መኩራራት አይደለም፤ ሥራው የሌላ ነው ማለቱ ነው። ካቶሊክ ግን መዳንን እንደ መንገድ ነው የሚያየው። በጥምቀት ይጀመራል፣ በቁርባንና በንስሐ ይጠበቃል፣ በከባድ ኃጢአት ሊጠፋ ይችላል፣ በኑዛዜ ይመለሳል። የሚፈጸመው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ሳይደርሱ «ደርሻለሁ» ማለት ድፍረት ይመስለዋል። በነገራችን ላይ ወንጌላውያኑም አንድ አይደሉም። አንዴ የዳነ አይጠፋም የሚሉ አሉ፤ ይጠፋል የሚሉም አሉ።

«ካቶሊክ በሥራ ነው የምጸድቀው ይላል» የሚባለውም ትክክል አይደለም። በ1547 የትሬንት ጉባኤ፣ ያው የሉተርን ትምህርት ያወገዘው የካቶሊክ ጉባኤ፣ ማንም ያለ ክርስቶስ ጸጋ በራሱ ሥራ ሊጸድቅ አይችልም ብሏል። ልዩነቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ጸጋው ሰውየውን ከውስጥ እየለወጠ በሥራው ጽድቁ ያድጋል ይላል ካቶሊኩ። ጽድቁ የክርስቶስ ነው፣ ለእኔ ተቆጠረልኝ፣ ሥራ ፍሬው ነው ይላል ወንጌላዊው። ጴንጤው በጸጋ ነው እንጂ በሥራ አይደለም የሚለውን ኤፌሶን 2፥8ን እና 9ን ይጠቅስና ለመልካም ሥራ ተፈጠርን የሚለው ቁጥር 10 ላይ ሳይደርስ ያቆማል። ካቶሊኩ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ ይጸድቃል የሚለውን ያዕቆብ 2፥24ን ይዞ ይመጣል። በ1999 ቫቲካንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አውግስቡርግ ላይ በዚህ ጉዳይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በመሠረቱ እንስማማለን፣ የቀረው ልዩነት መወጋገዝ አይገባውም የሚል ነው። በኋላ ሜቶዲስትና ሪፎርምድ የሚባሉት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናትም ተስማምተውበታል። ብዙ ባፕቲስትና ጴንጤቆስጤ ግን አልገባበትም። እና ወንድሜ የሚከራከረው ሊቃውንቱ ግማሽ መንገድ በተጓዙበት ነገር ነበር።

ስለ ማርያም አጭር አደርገዋለሁ። ለአምልኮና ለአክብሮት የሚሰገደው ስግደት ይለያያል ሲባል ኦርቶዶክስ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ካቶሊክም እንደዚያው ነው የሚለው። ጴንጤው ግን በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው አንድ ክርስቶስ ነው ብሎ 1 ጢሞቴዎስ 2፥5ን ያነባል፤ የሞተ ሰው ጸልይልኝ መባሉንም አይቀበልም። ተከራከሩ፤ ግን «ማርያምን ያመልካሉ» አትበሉ። ካቶሊኩ ራሱ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ይላል። «ምስል ለመሥራት ብለው ሁለተኛውን ትእዛዝ አጥፍተዋል» የሚለውንም ተዉት። ዘጸአት 20 በመጽሐፋቸው ሙሉ ነው። ቆጠራቸው ነው የሚለየው። የምስሉን ነገር ከአንደኛው ጋር ያጠቃልሉትና «አትመኝ» የሚለውን ለሁለት ይከፍሉታል። ሉተራኖችም የሚቆጥሩት እንደዚሁ ነው። ይህን ሳውቅ አፈርኩ፤ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ መሰላችሁ።

ለኦርቶዶክስ አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ የማትጠብቁት ነገር አለ። ቅዳሴውን፣ ጾሙን፣ ክህነቱን ስታዩ ካቶሊክ ይቀርባችኋል። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ጉዳይ ግን ካቶሊኩና አብዛኛው ወንጌላዊ በአንድ ወገን ናቸው፤ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ይላሉ። ተዋሕዶው ለብቻው ነው።

ወደ ሰርጉ እንምጣ፤ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ካቶሊክ ከሌላ የተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ሲጋባ ከጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ካቶሊኩ ወገን ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይነገረዋል እንጂ ቃል አይገባም። እኔ ይህን የሰማሁት ቄሱ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ቀድማ አልነገረችኝም፤ የማውቅ መስሏት። መኪና ውስጥ እስክንደርስ አልተናገርኩም፤ ከዚያ ግን ሳምንት ሙሉ ተናገርኩ። ሰርጉ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ከፈለጋችሁም ለዚያ የተለየ ፈቃድ አለ። ሳይጠየቅ ከተደረገ በካቶሊኩ ዘንድ ጋብቻው አይጸናም።

ፍቺ ያለበት ሰው ካለ በጣም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ጴንጤዎች በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ቢጋቡና በፍርድ ቤት ቢፋቱ፣ ካቶሊክ ያንን ጋብቻ የጸና አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ከመጀመሪያው ጋብቻ አልነበረም የሚል ውሳኔ ከቤተ ክርስቲያኗ ዳኞች ካልተገኘ ሌላ ጋብቻ የለም። ወራት ይወስዳል። አዳራሽ ተይዞ ካርድ ከታተመ በኋላ ይህን የሰሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥምቀት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ካቶሊክ በውሃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀን ሰው ዳግመኛ አታጠምቅም። ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት ግን የሕፃን ጥምቀትን አይቆጥሩም፤ አምነህ ተጠመቅ ይላሉ። ለካቶሊክ ቤተሰብ ይህ ልጃችን ክርስቲያን አልነበረም እንደማለት ነው። ምክንያቱን እናንተው ተቀምጣችሁ አስረዱ፤ ከፌስቡክ ፎቶ አይስሙት። የክርስትና አባት ሁን ስትባሉም መልሱ እንደ ቤታችሁ ነው። ጴንጤ ከሆናችሁ ከአንድ ካቶሊክ ጎን ምስክር መሆን ትችላላችሁ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ከካቶሊኩ ጋር አብራችሁ የክርስትና አባት ወይም እናት መሆን ይፈቀድላችኋል።

አማቴ ያረፉት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያ መቃብያን የመጣው ያኔ ነው። ካቶሊክ ለሙታን ይጸልያል፤ ከሚጠቅሰው አንዱ 2ኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው፤ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የለም። ከሞት በኋላ ያለውን፣ ፑርጋቶሪ የሚሉትን፣ ሁለተኛ ዕድል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እዚያ ያለ ሰው መዳኑ የተረጋገጠ ነው፤ የቀረው መንጻት ነው። ለእኔ ግን በጌታ የሞተ ወዲያው ከጌታ ጋር ነው፤ የሚጸለይለት ነገር የለም።

በቅዳሴው ላይ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ። ሁሉም ስለ ነፍሳቸው ሲጸልይ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስንወጣ «ምን ብለህ ጸለይክ?» አለችኝ።

«አልጸለይኩም፤ ስለ እርሳቸው አመሰገንኩ» አልኳት።

«እሱም ይደርሳታል» አለች።