ሊፍቱን ከመግዛትህ በፊት ወለልህን ብሳውና እየው

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ግቢህ ውስጥ የራስህን ኮሮላና የወንድምህን ሃይሉክስ የምትሠራበት ቆርቆሮ ክዳን ቤት አለህ፣ ጣራው 2.9 ሜትር ነው፣ መብራትህ ሲንግል ፌዝ ነው፣ አንድ ሰው ያገለገለ ባለ ሁለት ምሰሶ የመኪና ሊፍት ሊሸጥልህ ነው። "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" ነው ያልከው። እኔ ሲኤምሲ አካባቢ ጓሮዬ ውስጥ ሊፍት ከተከልኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ። ይሄ ነገር ከተሳሳቱበት ሰው ይገድላል።

ከወለሉ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ማርካው፣ ስለ ቶኑና ስለ ዋጋው ነው። ሊፍቱን ይዞ የሚያቆመው ግን ወለሉ ነው። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መሬት ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ በብሎን መሬቱን ነክሶ የቆመ ነው። መኪናው በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ክንዶቹ ላይ ስለሚንጠለጠል ምሰሶዎቹን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ያንን የሚመልሱት እግራቸው ሥር ያሉት ጥቂት ብሎኖች ናቸው።

የእኔ ወለል ሲያዩት ያምር ነበር። ቤቱን ስንሠራ ለግንበኛው የ12 ሳንቲ ሜትር አርማታ ብለን ከፍለናል። ምሰሶውን አቁመን፣ ቀዳዳዎቹን በጠመኔ ምልክት አድርገን መብሳት ጀመርን። ሁለቱ ደህና ገቡ። ሦስተኛው ላይ ድሪሉ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሄደ ድንገት ላላ አለና ወደ ውስጥ ሰመጠ። ስናወጣው ጫፉ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አልነበረም፤ እርጥብ ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። መረሬ። ከሥሩ ድንጋይ እንኳ አልተነጠፈም። ቀድመን ያስገባነውን ብሎን ስናጠብቅ ደግሞ ዳዶው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጠብቅም፤ ብሎኑ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ "ማጣበቂያ እናፍስበት፣ ይይዛል" አለኝ። እዚያው ሥራውን አስቆምኩት። በዚያ ወለል ላይ ሁለት ቶን መኪና ሰቅዬ ከሥሩ ብገባ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ሰፈርህን አልነገርከንም። ወደ ቦሌ፣ ወደ አያት ወይም ወደ አቃቂ ከሆንክ ከሥርህ መረሬ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለውን ስስ ወለል ይዞት ይነሳል፣ ይዞት ይወርዳል። ምሰሶህን በውሃ ልክ አስተካክለህ ብታቆመው እንኳ ከሁለት ክረምት በኋላ ዘሞ ታገኘዋለህ።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። ሊፍቱ የሚቆምበትን 4 ሜትር በ3 ሜትር ያህል ቦታ ሙሉ በሙሉ አፈረስኩ። ጥቁሩን አፈር እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን አወጣን፣ ሰሌክት አፈር (ለሙሌት የሚሆን፣ እንደ መረሬ የማያብጥ አፈር) አመጣን፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያጠጣን ጠቀጠቅን። ከዚያ ድንጋይ ንጣፍ፣ ከላዩ 20 ሳንቲ ሜትር አርማታ፣ ውስጡ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት ከታችም ከላይም በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ታስሮ። ኮንክሪቱ ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ነበር፣ በሳጥን እየተለካ፣ ውሃ እንዳይበዛበት አጠገቡ ቆሜ። ጆንያ አልብሰን ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። 28 ቀን ሳይሞላው አንድም ቀዳዳ አልበሳሁም። ሰዉ "በአሥር ቀን ይደርቃል" ይልሃል፤ ይደርቃል፣ ግን ጥንካሬው ገና አልመጣም። ከአምራቾቹ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሉ አሉ፣ 15 እና 20 የሚሉም አሉ። ስለዚህ የምትገዛውን ሊፍት ወረቀት አይተህ በእሱ ሂድ፣ ወረቀት ከሌለው ወደ ወፍራሙ አዘንብል።

የአንተን ለማወቅ ምንም ወጪ የለውም። ጥግ ላይ አንድ ቀዳዳ እስከ ታች ብሳ። የቀጭን ሽቦ ጫፍ አጥፈህ ክተተውና ወደ ላይ ሳበው፣ የወለሉ ታችኛ ጠርዝ ላይ ይያዝልሃል። እዚያ ላይ ለካ። ድሪሉ ይዞት የሚወጣውንም አፈር እየው።

ጣራው ሌላ ችግር ነው። ባለ ሁለት ምሰሶ ሁለት ዓይነት አለ። ገመዱና ቱቦው ከላይ በድልድይ የሚያልፍበት ወደ 3.6 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል፣ ላንተ አይሆንም። በመሬት በኩል የሚያልፍበት ምሰሶው 2.8 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ይገባል። ግን ምሰሶው ገባ ማለት መኪናው ወጣ ማለት አይደለም። ኮሮላህ ቁመቱ ወደ 1.5 ሜትር ነው። ቆመህ ለመሥራት 1.8 ሜትር ብታነሳው 3.3 ሜትር መጣ። ሃይሉክሱ 1.8 ሜትር ስለሆነ 3.6 ይደርሳል። ኮፋኖ ከፍተህ ረስተህ ካነሳህ ደግሞ ከዚያም በፊት ቆርቆሮውን ይመታል። እኔ ብሆን ሊፍቱ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ነቅዬ ወደ 4 ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። ዱካ ላይ ተቀምጠህ በ1.2 ሜትር ከፍታ መሥራትም ይቻላል፣ ወገብህ ግን ይከፍላል።

"ለምን ባለ አራት ምሰሶ አይሆንም?" ብለህ ነበር። እሱ ወለል ላይ ብዙ አያስጨንቅም፣ ክብደቱ በአራት ቦታ ቀጥ ብሎ ነው የሚያርፈው። ዘይት ለመቀየር፣ ማርሚታ ለመሥራት፣ ካምቢዮ ለማውረድ ጥሩ ነው። ጎማው የሊፍቱ ሁለት ረጃጅም የብረት መተላለፊያዎች ላይ ስለሚያርፍ ግን ፍሬንና የፊት እግር ለመሥራት ሌላ ክሪክ መካከሉ ላይ ያስፈልግሃል፤ ቦታም ይበላል። ወለልህ ስስ ሆኖ ከተገኘና ማፍረስ ካልቻልክ እኔ ወደዚህ ነው የምገፋህ። ጉድጓድ ቆፍሮ መሥራትንም የመከሩህ አሉ። ቤንዚን ስትፈታ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይጠራቀማል፣ ክረምት ላይ ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ይወድቁበታል። ልጆች ላሉበት ግቢ አልመክርም።

ቶኑን በተመለከተ 4 ቶን ይበቃሃል። ይሄ ማለት ግን ከአራቱ ክንዶች እያንዳንዱ 1 ቶን ነው። የናፍጣ ሃይሉክስ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያመዝን ክንዶቹን ስታስገባ ሚዛኑን ፈልግ። ጎማው ከመሬት ትንሽ ለቀቅ ሲል አቁምና መኪናውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገው። ከተወዛወዘ አውርድና ክንዶቹን አስተካክል። ሞተር ወይም ካምቢዮ ስታወርድ ሚዛኑ እንደሚቀየር አትርሳ፣ አስቀድመህ ሌላውን ጫፍ በረጅም መደገፊያ ያዘው።

አሁን ወደ መብራቱ። አንድ ቀን ማታ የጎረቤቴን ዶልፊን ሚኒባስ ሰቅዬ፣ ሎኩ (መኪናው እንዳይወርድ ምሰሶው ላይ የሚይዘው መቆለፊያ) ላይ አሳርፌ እየሠራሁ መብራት ጠፋ። ሰውየው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሥራ ይወጣል። ሊፍት ሲወርድ ሞተር አይፈልግም፣ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ግን ሎኩን ለማላቀቅ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት አለብህ፣ ለዚያ ሞተሩ ያስፈልጋል። 2 ኪሎ ዋት ጀነሬተር ነበረኝ፣ ሰካሁት፤ ሞተሩ እምምም ብሎ ቀረ። 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር ሲነሳ የሚጠይቀው ኃይል የሥራውን ብዙ እጥፍ ነው። ሰውየው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መኪናውን ሽቅብ እያየ ሲጠብቅ በጣም አሳዘነኝ። ለዕንጀራው ነው። መብራት ሌሊት 8 ሰዓት መጣ። በማግስቱ ሃይድሮሊክ መስመሩ ላይ የሚገጠም የእጅ ፓምፕ ፈልጌ ገዛሁ። አንተም ይሄን ከሊፍቱ ጋር አብረህ አስብ። ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር፣ አርዝ ያለው፣ በኤሌክትሪሺያን አስዘርጋ። ዘመድህ ከአሜሪካ ሊልክልህ ከሆነ ደግሞ የዚያ አገር ሞተር ለ60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50 ነው፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል። ሞተሩን እዚህ ለውጠው።

ያገለገለውን ለማየት ስትሄድ መኪና አስጭነህ አስነሳው፣ ባዶውን አትመን። ከፍ አድርገህ ለግማሽ ሰዓት ተወውና ዝቅ አለ አላለም እይ። የሽቦ ገመዱ ላይ አንድ እንኳ የተበጠሰ ክር ካለ ገመዱ ይቀየራል ማለት ነው፣ ከዋጋው ቀንስ። ሁለቱም ምሰሶ ላይ ሎኩ እኩል "ቀጭ ቀጭ" ማለት አለበት። ክንዱ ላይ የብየዳ ጥገና ካየህ ዞር ብለህ ሂድ፣ በነጻ ቢሰጥህም።

ስትተክለው በሁለቱ ምሰሶዎች እግር ማዕዘኖች መካከል ያሉትን ሁለት ሰያፍ ለክተህ እኩል አድርግ፣ ምሰሶውን በቱንቢ አስተካክል። ቀዳዳውን በኮምፕሬሰር ንፋስ በደንብ አጽዳው፣ ውስጡ የቀረ አቧራ ብሎኑን አያስይዘውም። በቶርክ ሬንች በወረቀቱ ልክ አጥብቅ፣ ከሳምንት ሥራ በኋላ ደግመህ እየው። እኔ አሁንም በየሦስት ወሩ አያለሁ።

ለሻጩ ቀብድ እንዳትሰጠው። ቅዳሜ ወለሉን ብሳውና ውፍረቱን፣ የወጣውን አፈር ቀለምና ሰፈርህን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዚያ የትኛው እንደሚሆንህ አብረን እንወስናለን።