65 ዓመት አልፏቸው አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ወላጆቻችን፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ለኛ ሰዎች የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እና የሜዲኬር (65 ለሞላው ሰው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ቅጽ ሳስሞላ ዓመታት አልፈዋል። የኢሚግሬሽን ጥያቄ አልነካም። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱና በየዓመቱ የተመዘገበላችሁን ገቢ እዩ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አባቴ 65 ሞልቶታል፣ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። አሜሪካ የገባው በ41 ዓመቱ ነው። ከዚህ በኋላ ቢሠራ የሚጨምርለት ነገር አለ?

መላሽ፦ አለ፣ ብዙ። ጡረታው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። 35 ካልሞላ የጎደለው ዓመት ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይገባል። አባትህ አንድም ዓመት ሳያቋርጡ ሠርተው ቢሆን እንኳ 24 ዓመት ነው፣ ስለዚህ 11 ዜሮ አለባቸው። አሁን የሚሠሩት እያንዳንዱ ዓመት አንድ ዜሮ ያወጣላቸዋል። እዚህ ተወልዶ በ20 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው ከተጨማሪው ዓመት ይህን ያህል አያገኝም፣ የኛ ሰው ግን ዘግይቶ ስለመጣ ከ65 በኋላ ያሉት ዓመታት ወርቅ ናቸው። አገር ቤት ያገለገሉበት እዚህ አይቆጠርም፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት የለም።

ሌላው ማዘግየት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ የተወለደ ሰው ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ነው። በ62 ቢጀምር 70 በመቶ፣ እስከ 70 ቢታገስ 124 በመቶ። ከ70 በኋላ መጠበቅ ምንም አይጨምርም። ጉልበታቸው የደከመ ከሆነ ግን በቁጥር ብቻ አትወስኑ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ 63 ዓመቴ ነው፣ ኡበር እነዳለሁ። ጡረታዬን አሁን ጀምሬ መንዳቱን ብቀጥልስ?

መላሽ፦ ይቻላል፣ ግን ከሥራ በሚያገኙት ገቢ ላይ ገደብ አለው። በ2025 ገደቡ በዓመት 23,400 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ይለወጣል። ከዚያ በላይ ባገኙት በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ይያዛል። ሙሉው የጡረታ ዕድሜ ሲደርስ ገደቡ ይነሳል፣ የተያዘብዎትም ያኔ በወርሃዊው ላይ ይታሰብልዎታል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ታክስ ሲሠሩ የተጣራ ገቢዎ ስንት ተብሎ ነው የሚገባው? ብዙ ሹፌሮቻችን ገቢያቸውን አሳንሰው ያስሞላሉ፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን 15.3 በመቶ ላለመክፈል። ጡረታው የሚሰላው በዚያችው በተጻፈችው ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት መሪ ይዞ የኖረ ሰው የወር ኪራዩን የማይሸፍን ቼክ ሲመጣለት በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ማስተካከያ የለውም። መዝገብ ላይ ስህተት ካለም የሚታረመው በአብዛኛው በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው። መዝገባችሁን እዩ!

ጥያቄ፦ ለትልልቅ ሰዎች ምን ምን እርዳታ አለ?

መላሽ፦ ዕድሜያቸው ስንት ነው? የት ይሠራሉ? ስንት ዓመት ታክስ ከፍለዋል? እንዲህ በደፈናው ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ታጥፋለች። ጉልበቷን ያማታል። በርጩማ ጠይቃ ሱፐርቫይዘሯ "ካልቻልሽ ጡረታ ውጪ" አላት።

መላሽ፦ ይህ ዝም የሚባል አይደለም። 40 ዓመት ያለፈውን ሠራተኛ በዕድሜው ማግለል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት። የጉልበቱ ጉዳይ ደግሞ በአካል ጉዳተኞች ሕግ ሊታይ ይችላል፣ እዚያ 15 ሠራተኛ ይበቃል። ሐኪሙ "ታማለች" ብሎ ብቻ አይጻፍ። ስንት ሰዓት መቆም እንደምትችል፣ ተቀምጣ ማጠፍ እንደምትችል በግልጽ ይጻፍ። ደብዳቤውን ለሰው ኃይል ክፍሉ በኢሜይል ላኩ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። የተባለችውንም ከነቀኑ ጻፉት። ሥራ ልቀቂ ብለው ወረቀት ቢያቀርቡላት እዚያው አትፈርም።

አስተያየት (ከዳላስ)፦ ይቅርታ፣ የ68 ዓመት እናት አንሶላ እያጠፈች ልጆቿ ምን እየሠሩ ነው? እኛ አገር እንዲህ ነበር?

አስተያየት (ከሲያትል)፦ ወንድሜ፣ እናቴን አታውቃትም። ቤት አስቀምጠናት ነበር። መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትውል ደም ግፊቷ ባሰ። ጓደኞቿ ያሉት ሥራ ቦታ ነው።

አስተያየት (ከዳላስ)፦ ቤተክርስቲያን አለ፣ ማኅበር አለ። የግድ ሥራ ነው?

መላሽ፦ እባካችሁ ይብቃ። መሥራት የሚፈልጉትን ወይዘሮ አትከልክሉ፣ የደከማቸውንም አታስገድዱ። ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ናት፣ ብትቀጥል ይጨምርላታል?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። 35 ዓመት፣ ዜሮ። አንብቡ እንጂ። መዝገቧንም እዩ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት የመንግሥት ጡረታ አለኝ። እዚህኛው ይቀነስብኛል?

መላሽ፦ ድሮ ይቀነስ ነበር፣ በጥር 2025 በወጣው ሕግ ቀርቷል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ባለቤቴ 65 ሊሞላው ነው፣ ሥራውን አያቆምም። ሜዲኬር መመዝገብ አለበት?

መላሽ፦ ድርጅቱ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለውና ኢንሹራንሱ በሥራው በኩል ከሆነ ፓርት ቢን (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል) ሊያቆይ ይችላል። ሥራ ሲያቆም ለመመዝገብ 8 ወር አለው። ኦባማ ኬር (በግል የሚገዛው ኢንሹራንስ) ግን ለዚህ አይቆጠርም፣ ኮብራም (ሥራ ከለቀቁ በኋላ የሚቀጥለው የድርጅቱ ኢንሹራንስ) አይቆጠርም። የኡበር ሹፌሮች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ሳይመዘገቡ በዘገዩበት በየ12 ወሩ 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊው ክፍያ ላይ ይጨመራል፣ ፓርት ቢ እስካለ ድረስ አይነሳም። ስለዚህ ከልደቱ ወር 3 ወር ቀደም ብላችሁ ደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው። ልጆቻችሁ ከሥራ እየቀሩ ማስተርጎም የለባቸውም።