ከሥሩ አራት መስመር

ልጆቼ፣

ዕድሜውን በዳኝነት ወንበር ላይ የፈጀ ሰው ስለ ንባብ ሲመክር ከሕግ መጽሐፍ የሚጀምር ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን በሳንቲም ከተከራየሁት ልብ ወለድ ልጀምር።

በ1966 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከገበያው ዳር ሸራ ዘርግቶ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር። መያዣ ይቀበላል፤ ገጽ ተቀድዶ ከመጣ መያዣው ቀልጦ ይቀራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያገኘሁት ከእሱ ዘንድ ነው። የመጽሐፉ ውፍረት አስደሰተኝም፣ አስደነገጠኝም፤ ኪራዩ የሚታሰበው በቀን ነዋ! ማታ ማታ በኩራዝ እያነበብኩ፣ እንዳያመልጠኝ የፈለግሁትን በደብተር ገለበጥኩ። መጽሐፉን መለስኩ። ደብተሩ ግን ጠርዙን አይጥ ቢበላውም እስከ ዛሬ እኔው ጋር አለ።

እናንተ የኪራይ ችግር የለባችሁም። የልጅ ልጄ በቴሌግራም ያወረደቻቸውን መጻሕፍት ስታሳየኝ ጣቷ ወደ ታች መጎተቱን አላቆም አለ። «ስንቱን አነበብሽ?» ብላት ሳቀች። የማይመለስ መጽሐፍ አያስቸኩልም። ስለዚህ ቀጠሮውን ራሳችሁ ስጡት፤ በቀን አሥር ገጽ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። ወራችን ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሦስት መቶ ገጽ ይወጣዋል። የእኔ ሰዓት ከእራት በፊት ነው፤ ከእራት በኋላ ሞክሬ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ደፍቼ ተኝቻለሁ።

ለማስታወሻው ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለብቻው ይሁን እንጂ የትምህርት ደብተር ጀርባ ላይ አትጻፉ። ሰኔ ላይ ሱቅ ይወርድና በርበሬ ይጠቀለልበታል፤ የእኔ ሁለተኛ ደብተር ዕጣ ይኸው ነበር።

በግራ በኩል የገጽ ቁጥር ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ችሎት ላይ የምስክር ቃል በእጄ ስጽፍ የትኛው ምስክር ምን እንዳለ በቅጡ ያልለየሁ ዕለት፣ ፍርዱን ለመጻፍ ስቀመጥ መዝገቡን ከእንደገና ሳገላብጥ አመሽ ነበር። ከቁጥሩ ቀጥሎ የደራሲውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቃሉን ሳትለውጡ ገልብጡ። ከዚያ የራሳችሁን አስከትሉ፤ ያልገባችሁን፣ ያናደዳችሁን፣ «ይህማ ውሸት ነው» ያሰኛችሁን። ከሥሩ አራት መስመር ባዶ ተዉ።

ታሪኩን ግን አታሳጥሩ። አንድ መምህራችን በየሳምንቱ የመጽሐፍ አጭር ይዘት ጽፈን እንድናመጣ ያዙን ነበር። ግማሹ ክፍል ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ገልብጦ ይመጣል፤ እሳቸውም «መልካም» ብለው ይፈርሙበታል። እኔም ከገልባጮቹ አንዱ ነበርኩ፤ ከእነዚያ መጻሕፍት የአንዱም ታሪክ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ባዶዎቹ መስመሮች የተተዉት ለጳጉሜን ነው። ከዓመቱ የተረፉት እነዚያ አምስት ቀናት፣ ሲሆን ስድስት፣ ምንም የማይሠራባቸው ስለሚመስሉ ለዚህ ይመቻሉ። አዲስ መጽሐፍ አትጀምሩ፤ ደብተራችሁን አንብቡና በሌላ ቀለም መልስ ስጡበት።

በእኔ ደብተር ውስጥ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ የተጻፈ አለ። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ የመለሱት ሰው ናቸው። በዘጠነኛ ክፍል እጄ «ክፉ ሽማግሌ!» ይላል፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደብተሩን አውጥቼ፣ ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም «ክፉ አይደለም፤ ዝቅ ማለትን የሚፈራ ሰው ነው» ብዬ ጨመርኩ። ያኔ ዳኛ ሆኛለሁ፤ በፍርሃት የሚከስም የሚከሰስም ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛው ጽሑፍ በቀይ ነው። ለትልቋ ልጄ ሽማግሌ ተልኮ «ቤተሰቡን አላውቀውም» ብዬ በመለስኩበት ዓመት፣ በጳጉሜን 2 የተጻፈ ነው። «እኔስ?» ይላል። ከእሱ በታች አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል።