መልስ፦ የአዲስ አበባው ፈቃድ ለፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ «ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ዕውቅና ካለው እህቴ ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፉ ብትመዘገብ ችግር አለው?» ላልኸው፣ አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለካምፓሱ፣ ለትምህርት መስኩና ለአሰጣጡ ነው፤ መደበኛ፣ ማታ ወይም ርቀት ተብሎ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለአካውንቲንግ የተሰጠ ፈቃድ ቡሬ ላይ ነርሲንግ አያስተምርም።

ሕጉ አዲስ አይደለም። ኮሌጆችን ይቆጣጠር የነበረው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1995 በአዋጅ ቁጥር 351 ነው። አዋጁ በ2001 በቁጥር 650፣ በ2011 ደግሞ በቁጥር 1152 ተተካ። በ2014 በደንብ ቁጥር 515 የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ሥራውን ተረከበ። ስሙ እንዲህ ሲለዋወጥ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሬጅስትራር ሂዳችሁ የፈቃዱን ደብዳቤ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከሩቅ አይታችሁ እንዳትመለሱ! የካምፓሱን ከተማ፣ የዲግሪውን ስም፣ በተለይ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ቀረብ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው እሱ ላይ ነው። «እድሳት ላይ ነን» ካሏችሁ ክፍያውን አቆዩትና ባለሥልጣኑን ጠይቁ። የቅናሽ ማስታወቂያ አያስቸኩላችሁ።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ፤ ከ2015 ጀምሮ የግል ኮሌጅ የዲግሪ ተማሪም ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ደብዳቤው ላይ ግር የሚል ነገር ካለ እዚሁ ጻፍልን።