የአሮጌ ላንድሮቨር ሻንሲ ለምታጸዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ለማደስ የምትደክሙ ወጣቶች ስትበዙ ሳይ ደስ ይለኛል። ቮልስም ይሁን ፊያት፣ ሁሉም ድካም ይገባዋል። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በብዛት ያሳለፍኩት ላንድሮቨር ሥር ተኝቼ ነው። ስለዚህ ስለ ሻንሲ፣ ማለትም መኪናው ሁሉ ስለሚያርፍበት የሥር ብረት፣ አጸዳድ የምነግራችሁ እሱ ላይ ያየሁትን ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ስለተሠራው ሲሪየስ ቱ ኤ ስለሚባለው ሞዴል።

አሁን አሁን የማየው ነገር ያሳስበኛል። መኪናው እንደተገዛ በቀጥታ ላቫጆ ይገባል። ሥሩ በኃይለኛ ውሃ ይመታል። በማግስቱ ጥቁር ቀለም ይቀባና ፎቶ ይነሳል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ያ የምትጸየፉት ቅባት መኪናው የት የት እንደሚያፈስ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሳታዩት ካጠባችሁት፣ እንደገና እስኪያፈስ መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና ጎማውን በታኮ ያዙ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳይገባ ማንም ከሥር እንዳይተኛ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ደርቆ አቧራ የለበሰው ቅባት የድሮ ነው። እርጥብ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ዛሬም እያፈሰሰ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ምንጩን የምታገኙት ከእርጥቡ ቦታ ወደ ፊትና ወደ ላይ ስትሄዱ ነው። በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና የዲፍሬንሻል (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ዘይት ወፈር ይላል፤ የድኝ ዓይነት ሽታም አለው። የሞተሩ ቀጠን ያለና የጠቆረ ነው። ቀለሙ ተልጦ ወይም አብጦ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ጠርጥሩ፤ ቀለም ይበላል። ፎቶ የሚነሳውም ይኼኔ ነው።

ላንድሮቨር ላይ አንድ ቦታ በደንብ እዩልኝ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን አይደለም። ከካምቢዮው ጀርባ፣ ወደ ኋላ ዲፍሬንሻል በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለውን ከበሮ ነው። እዚያ ያለው ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ ካረጀ ዘይቱ ከበሮው ውስጥ ይገባና የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል። የእጅ ፍሬን አልይዝ አለኝ እያለ ሲያጠብቅ የሚውለው ስንት ሰው ነው! ኦይል ሲሉ ሳይቀየር ማጥበቁ ምንም አይፈይድም። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ግን አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት። ለሳንባችሁ ስትሉ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ማጽዳቱ የሚጀመረው በደረቁ ነው። በእንጨት ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ፍቁት። ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚለሰልስ መኪናውን ቀድማችሁ ውጭ አቁሙት። የቀረውን ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀቡት፣ ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ሳይደርቅ ጥረጉት። ቤንዚን በጭራሽ! ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ፣ የጋራዥ ጉድጓድ ካለም እዚያ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍታውንም ቢሆን ከፍሬን ቱቦና ከሌሎች ላስቲኮች አርቁ፤ ያሳብጣቸዋል። የተጠቀማችሁበትን በዕቃ አጠራቅሙ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ከታች በኩል ቦዩ በሚገባበት ወንዝ ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ።

ኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ያጸዳል የሚላችሁን አትስሙ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት ተወዶ ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ብረቱን ባይነካ እንኳ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የካምቢዮው ቤትም አሉሚኒየም ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ቅባቱ ሳይለቅ የሽቦ ብሩሽ ማንሳት ነው። ቅባቱን ብረቱ ላይ መልሶ ማሸት ነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበትና ተመልከቱ። ውሃው ሳይቆራረጥ ስስ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። ጠብታ ጠብታ ከሠራ ገና ቅባት አለ፤ ቀለምም አይዝም። የሽቦ ብሩሹ ተራ ከዚህ በኋላ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ላይ ግን የሽቦ ብሩሽም፣ ሞላም (የብረት መፋቂያ ማሽን) አታስነኩ። ሲሪየስ ቱ ኤ ላይ በቀኝ በኩል፣ የፊት ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) የሚታሰርበት ብረት ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ምቱ ጥልቀት የለውም። ስም ስታዛውሩ ግን የሚፈለገው እሱ ነው። በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጽዱት።

ሻንሲው ከጸዳ በኋላ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰ ድምፁ ይታፈናል። ባሌስትራዎቹ የሚታሰሩበትንና የኋላውን መስቀለኛ ብረት አትዝለሉ። ሻንሲው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ይብሳል። በሽቦ ክፈቷቸው፣ ውስጡን በውሃ አጥባችሁ በአየር አድርቁት።

የተራቆተ ብረት አያድርባችሁ። በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ በቀዳዳዎቹ በኩል ውስጡን ዝገት የሚከላከል ዘይት ወይም ሰም ርጩበት። ስትጨርሱ የውሃ መውጫዎቹ አለመደፈናቸውን በዚያው ሽቦ እንደገና እዩ።