ስክሪኑ በርቷል፣ ጂፒዩው ግን ሥራ ፈቷል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በትናንሽ ቦርዶች ላይ ስለሚሠሩ ክፍት ምንጭ የግራፊክስ ድራይቨሮች (የሥዕል ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ጂፒዩውን፣ የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን እዚህ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ማሊ-ጂ610 ጂፒዩ ባለው የሮክቺፕ አርኬ3588 ቦርድ ላይ ሊኑክስ ጫንኩ። ዴስክቶፑ ይከፈታል፤ መስኮት ስጎትት ግን ይንቀራፈፋል፣ የሲፒዩው ኮሮችም በሙሉ ይጨናነቃሉ። ድራይቨሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ማን እየሳለ እንደሆነ ይወቁ። የኦፕንጂኤል (ፕሮግራሞች ጂፒዩውን የሚያዙበት በይነገጽ) መረጃ የሚያሳየውን ትዕዛዝ አስኪደው «ሬንደረር» የሚለውን መስመር ያንብቡ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ካገኙ የሚስለው ሲፒዩው ነው። ሜሳ (ክፍት ምንጭ የግራፊክስ ላይብረሪው) ለጂፒዩው የሚሆን ድራይቨር ሲያጣ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ወደዚያ ይዞራል እንጂ አይጮህም። ጂ610 ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሊኑክስ ከ6.10 ጀምሮ የያዘውን ፓንቶር የተባለ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር፣ ሜሳ 24.1 ወይም ከዚያ በላይ፣ እና የጂፒዩውን ፈርምዌር (ጂፒዩው ራሱ ውስጥ የሚሮጥ ፕሮግራም) ፋይል። የሚረሳው ሦስተኛው ነው፤ ከሌለ የከርነል ሎጉ ላይ ፓንቶር ፈርምዌር መጫን እንዳቃተው ተጽፎ ያገኙታል። ከርነሉ ከቦርዱ አምራች የመጣ ከሆነ ደግሞ ጂፒዩውን የአርም የራሱ ድራይቨር ቀድሞ ይዞት ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሊይዙት አይችሉም። ሁሉም ተሟልቶ በሩት (በአስተዳዳሪው) ሠርቶ በተራ ተጠቃሚ እምቢ ካለ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ ተጠቃሚውን «ሬንደር» ወደሚባለው ቡድን ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ፓንፍሮስት በተባለው ክፍት ድራይቨር የሚሠራ ማሊ-ቲ860 ጂፒዩ አለኝ። ከባድ የ3ዲ ሙከራ ስከፍት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምስሉ ይቆማል፤ ሎጉ የጂፒዩው ሥራ ጊዜ አልፎበታል ይላል። የጊዜ ገደቡን ባረዝመውስ?

መልስ፦ አያርዝሙት። ፓንፍሮስት ለአንድ ሥራ 500 ሚሊሰከንድ ይሰጣል፤ ለጂፒዩ ይህ ሰፊ ጊዜ ነው። መልእክቱ የሚነግርዎ ጂፒዩው መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ አይደለም።

በዴቭፍሬክ (የከርነሉ የፍሪኩዌንሲ መቆጣጠሪያ) በኩል ገቨርነሩን (ፍሪኩዌንሲውን የሚመርጠውን ደንብ) «ፓወርሴቭ» ያድርጉትና ጂፒዩውን በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ አስረው ያንኑ ሙከራ ደግመው ያስኪዱ። አሁን ካልቆመ ጥርጣሬው ሜሳን ትቶ ወደ ቮልቴጅ ይሄዳል። ዲቫይስ ትሪውን (የቦርዱን ክፍሎች ለከርነሉ የሚዘረዝረውን ፋይል) ከፍተው ስለ ጂፒዩው በሚናገረው ክፍል ውስጥ «ማሊ-ሰፕላይ» የሚለው መስመር ትክክለኛውን ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ሰጪ) እንደሚጠቁም፣ እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲም የራሱ ቮልቴጅ እንዳለው ይመልከቱ። መስመሩ ከሌለ ከርነሉ የይስሙላ ሬጉሌተር ይተካበታል፤ ፍሪኩዌንሲው ይወጣል፣ ቮልቴጁ ግን ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በተወው ላይ ይቀራል። በቂ ቮልቴጅ ያላገኘ ሰርኪዩት ቀጣዩ የክሎክ ምት ሲደርስበት ስሌቱን አልጨረሰም፤ አንድ ቢት ትሳሳታለች፣ የተሳሳተ አድራሻ ይነበባል፣ ጂፒዩውም እዚያው ይቀራል።

ጥሩ ፍንጭ የሚሰጠው በሎጉ ላይ ያለው የሜሞሪ ስህተት አድራሻ ነው። በየሙከራው የሚቀያየር ከሆነ ኤሌክትሪኩን ይጠርጥሩ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ፍሬም ላይ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን። ለሶፍትዌሩ «ፓን ሜሳ ዲበግ» የተባለውን የኢንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ «ሲንክ» ላይ ያድርጉት። እያንዳንዱ ሥራ እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ ፕሮግራሙ ይዘገያል፤ ጥፋተኛው ሥራ ግን ተለይቶ ይወጣል።

ሳይቆም ምስሉ ላይ አጫጭር የተበላሹ መስመሮች ብቻ ብልጭ የሚሉ ከሆነ ርዝመታቸውን ይቁጠሩ። 16 ፒክስል ከሆነ፣ በ4 ባይት ሲባዛ 64 ባይት ይመጣል፤ ይህ በብዙ የአርም ፕሮሰሰሮች የአንድ ካሽ (የሲፒዩው ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) መስመር ልክ ነው። እንዲህ ሲሆን ሲፒዩው የጻፈው ከካሹ ወደ ሜሞሪ ሳይወርድ ጂፒዩው አሮጌውን አንብቦ ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ትሪው ላይ ያለቦታው የገባ «ዲኤምኤ-ኮሂረንት» (ካሹንና ሜሞሪውን ሃርድዌሩ ራሱ ያስማማል የሚል ምልክት) እንዳለ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የግራፊክስ ክፍሎቹን የሚወክሉ «ካርድ0» እና «ካርድ1» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉኝ። ፕሮግራሜ አንዱን ሲከፍት ስክሪን የለም ይለኛል።

መልስ፦ በእነዚህ ቺፖች ላይ የሚስለውና ወደ ስክሪን የሚልከው የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ራስበሪ ፓይ 4 ላይ ለምሳሌ ቪ3ዲ ይስላል፣ ቪሲ4 ያሳያል። ሜሳ ሁለቱን ማገናኘት ያውቅበታል፤ የእርስዎ ፕሮግራም ግን «ካርድ0» ብሎ በቁጥር መጥራቱን ይተው፣ ቁጥሩ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላልና። ኮኔክተር (የስክሪን መሰኪያ) ያለውን ፈልጎ ይክፈት። የማሳያው ክፍል አይኦኤምኤምዩ (የተበታተነ ሜሞሪን ተከታታይ አስመስሎ የሚያቀርብ ክፍል) ከሌለው እያንዳንዱ ፍሬም በተከታታይ ሜሞሪ ላይ መቀመጥ አለበት፦ 1920×1080 በ4 ባይት 8,294,400 ባይት ነው፣ ለሦስት ፍሬም ወደ 25 ሚሊዮን ባይት። ለዚሁ ተብሎ የተመደበው፣ ሲኤምኤ የሚባለው ሜሞሪ ከጠበበ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሰነድ ለሌለው ጂፒዩ ድራይቨር መጻፍ እፈልጋለሁ። ከከርነሉ ልጀምር?

መልስ፦ ከዩዘርስፔሱ (ከከርነሉ ውጭ ከሚሠራው የድራይቨሩ ክፍል) ይጀምሩ። የከርነሉ የግራፊክስ ክፍል ክፍት የሆነ ዩዘርስፔስ የሌለውን አዲስ በይነገጽ አይቀበልም፤ ከባዱ እንቆቅልሽም ያለው እዚያው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጂፒዩው በእርግጥ አዲስ መሆኑን ያጣሩ። ቺፕ ሠሪዎች ጂፒዩውን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ድርጅት ስለሚወስዱት፣ የማታውቁት ስም ያለው ቺፕ ውስጥ የቪቫንቴ ጂፒዩ ሊገኝ ይችላል። ለእሱ ደግሞ ኤትናቪቭ የተባለው ክፍት ድራይቨር ከሊኑክስ 4.5 ጀምሮ አለ።

አዲስ ከሆነ በአምራቹ ላይብረሪና በከርነሉ መካከል ጣልቃ ገብታ የሚያልፈውን ሁሉ የምትመዘግብ ትንሽ ላይብረሪ ይጻፉ። ከዚያ ስክሪኑን በአንድ ቀለም ብቻ የሚሞላ ፕሮግራም ያስኪዱ። ንጹሕ ቀይ አይምረጡ፤ ዜሮና አንድ በየቦታው ስላሉ ፍለጋው ያሳክርዎታል። ቀይ 0.25፣ አረንጓዴ 0.5፣ ሰማያዊ 0.75 ያድርጉት። በተመዘገበው ውስጥ ሦስቱን ቁጥሮች በ32 ቢት ፍሎት ተከታትለው ይፈልጉ፤ ከሌሉ 64፣ 127 ወይም 128፣ 191 የሚሉ ባይቶችን ይፈልጉ። ሲያገኙ አንዱን ብቻ ቀይረው ያስኪዱና ሁለቱን ምዝገባዎች ያነጻጽሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገ ሊናገር አይችልም። ያወቁትን ሬጅስተር (ጂፒዩው የሚታዘዝበት የቁጥር ማስቀመጫ) በኤክስኤምኤል ይመዝግቡ፣ የሲ ሄደሩ ከእሱ ይውጣ።

በሼደር (ጂፒዩው ላይ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም) በኩል ከኮምፓይለሩ በፊት ዲስአሰምብለሩን (የማሽን ኮዱን ወደሚነበብ ጽሑፍ የሚመልሰውን) ይጻፉ። የአንድ መስመር ሼደሮችን ለአምራቹ ኮምፓይለር እየሰጡ የሚወጣውን ቢት በቢት ያነጻጽሩ። ቀጥሎ በአምራቹ የከርነል ድራይቨር ላይ እንዳሉ የራስዎን ትዕዛዞች ይላኩ፤ የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ ሲታይ ወደ ሜሳና ወደ ራስዎ የከርነል ድራይቨር መሄድ ይቻላል። የከርነሉን ሲጽፉ ክሎክና ኃይል ሳይከፍቱ ሬጅስተር አያንብቡ፤ በብዙ ቦርዶች ላይ ሎግ እንኳ ሳይተርፍ ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል።

ለማረጋገጫ የክሮኖስን (የግራፊክስ መመዘኛዎችን የሚያወጣው ማኅበር) ዲኢኪውፒ የተባሉ ሙከራዎች በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው ያስኪዱ። አንድ ሙከራ ጂፒዩውን ካቆመው፣ ጂፒዩው ዳግም እስኪነሳ ከኋላው የመጡት ሁሉ ያለጥፋታቸው ይወድቃሉና፣ ከመጀመሪያው ብልሽት በኋላ ያለውን ውጤት ጥለው እንደገና ያስኪዱ።